ልብስ የታሪክ ምስክር ነው

ልብስ ገላን ከብርድ ለመከላከል ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ልብስ የለባሹን አገርና አሳብ ያለ ቃል የሚናገር ምስክር ነው። ይህንም በሥራቸው ካስረዱት አንዲቱ፤ የህንድ ተወላጅ ወይዘሮ ባኑ አታያ ናቸው።

ወይዘሮ ባኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በኮልሃፑር ተወለዱ። በቦምቤይ ሥዕል ተምረው የልብስ ንድፍ ለመጽሔት ሲሥሉ ቆዩና፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ ሲኒማ ሥራ ገቡ። ከመቶ ለሚበልጡ ፊልሞችም ልብስ አሰናዱ።

በ1982 ዓ.ም. ስለ ማህትማ ጋንዲ ለወጣው ፊልም ልብስ ያሰናዱት እርሳቸውና እንግሊዛዊው ጆን ሞሎ ናቸው። ጋንዲ የጠበቃ ኮታቸውን ትተው በእጅ የተፈተለ ጥጥ መልበሳቸው የአንድ ሕዝብ የነፃነት ታሪክ ነውና፤ ልብሱ ቢሳሳት ታሪኩም በተሳሳተ ነበር። ስለዚህ ሥራ በ1983 ዓ.ም. ሁለቱ ኦስካር ተሸለሙ፤ ከህንድ ሰዎችም ይህን ሽልማት በማግኘት ወይዘሮ ባኑ የመጀመሪያዪቱ ሆኑ።

ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ሽልማቱ በአደራ ይጠበቅ ዘንድ ወደ ሰጪው ማኅበር ወደ አሜሪካ መለሱት። በ2004 ዓ.ም. የባለቅኔው የታጎር የኖቤል ኒሻን በአገራቸው ከሙዚየም ተሰርቆ ነበርና። በ2020 ዓ.ም. በ91 ዓመታቸው ዐረፉ።

አንባቢ ሆይ፤ ባለእጅን ማመስገን መልካም ነው፤ የእጁን ፍሬ በደኅና የሚያኖር ቤት መሥራት ግን ከምስጋና ይበልጣል።