በአንድ ቦይለር ሁለት አገልግሎት፦ በእንፋሎት በሚሞቅ ቤት የሙቅ ውኃ መሥመር ስለ መጨመር
በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ እንደ ኒው ዮርክና ቦስተን ባሉ ከተሞች የሚገኙ በርካታ ነባር ቤቶች ዛሬም የሚሞቁት በእንፋሎት ነው። በምድር ቤቱ የተተከለው ቦይለር ውኃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደየክፍሉ ወጥቶ ራዲያተሮቹን ያሞቃል፤ ከዚያም ወደ ውኃነት ተለውጦ ቁልቁል ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ችግር የሚመጣው ቤተሰብ በዝቶ ምድር ቤቱ መኖሪያ ሲሆን ነው። ውኃው ተንሸራትቶ መመለስ ስላለበት፣ ከቦይለሩ ጎን ወይም ዝቅ ብሎ ለሚገኝ ክፍል የእንፋሎት ራዲያተር መትከል ያስቸግራል። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጠቀማሉ፤ ይህም ወጪ ከማብዛቱ በላይ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ጋር ከተጠጋ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

መፍትሔው በዚያው በቦይለሩ ውስጥ ይገኛል። የእንፋሎት ቦይለር እስከ አፉ በውኃ አይሞላም፤ የላይኛው ክፍል የእንፋሎቱ ስፍራ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው ሙቅ ውኃ ነው። ይህን ውኃ በፓምፕ ስቦ በራዲያተር ውስጥ ማዞርና ወደ ቦይለሩ መመለስ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በግፊት እንደሚወሰን መዘንጋት አይገባም። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚፈላ ውኃ፣ አየሩ ሳሳ በሚልባት በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በቦይለሩም እንዲሁ ነው። እንፋሎት በሚመረትበት ጊዜ የውኃው ሙቀት ከ100 ዲግሪ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ፓምፑ ሲስበው ግፊቱ ስለሚቀንስ በቧንቧው ውስጥ ድንገት ወደ እንፋሎት ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ ቧንቧው በመዶሻ እንደ ተመታ ይጮኻል፤ ፓምፑም ይጎዳል።

ይህን ለመከላከል ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ በመሥመሩ መሄጃና መመለሻ መካከል ቫልቭ ያለው ማገናኛ ቧንቧ መግጠም ነው። ከራዲያተሩ ቀዝቀዝ ብሎ የተመለሰው ውኃ ከቦይለሩ ከሚወጣው ጋር ወደ ፓምፑ ሳይደርስ ስለሚቀላቀል ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የቦይለሩ ውኃ ዝገትና ዝቃጭ ስለሚይዝ ከፓምፑ በፊት ማጣሪያ ያስፈልጋል። ይህ ዘዴ ለምድር ቤት የሚስማማ ነው።

ሁለተኛው፣ ሙቀት አስተላላፊ መሣሪያ መትከል ነው። በዚህ ጊዜ የቦይለሩ ውኃና የራዲያተሩ ውኃ ሳይቀላቀሉ ሙቀት ብቻ ይተላለፋል። የራዲያተሩ ውኃ ንጹሕና በግፊት የተዘጋ ስለሆነ ከቦይለሩ በላይ ለሚገኙ ክፍሎችም ይመቻል። ወጪው ግን ከፍ ይላል፤ የራሱ ፓምፕ፣ የውኃ መስፋፊያ ታንክና የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይሻልና።

በሁለቱም መንገድ፣ አዲሱ ክፍል ብቻውን ሙቀት በሚፈልግበት ጊዜ ውኃው 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እሳቱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይገጠማል፤ አለዚያ ቦይለሩ ያለ አስፈላጊነት እንፋሎት ያመርታል። ነባሮቹ የግፊትና የውኃ ማነስ መቆጣጠሪያዎች ግን በምንም ምክንያት ሊነኩ አይገባም።

የቦይለሩም አቅም ሊታሰብበት ይገባል። ቦይለር የሚመረጠው በነባሮቹ ራዲያተሮች ልክ ሲሆን፣ ቧንቧዎቹን ለማሞቅ በተለምዶ 33 በመቶ ይታከልበታል። አነስተኛ ክፍል ከዚህ ትርፍ ሊቋደስ ይችላል፤ መሥመሩ ከበዛ ግን የላይኛው ፎቅ ይቀዘቅዛል።

በመሆኑም የቤቱ ባለቤት ፈቃድ ያለውና የእንፋሎት ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ጠርቶ፣ ውል ከመግባቱ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ሊጠይቀው ይገባል፦ የቦይለሩ አቅም ተሰልቷልን? ውኃው በቧንቧው ውስጥ እንዳይፈላ የሚከለክለው ምንድን ነው? አዲሱ ክፍል ብቻውን ሲሞቅ እሳቱን የሚያጠፋውስ የትኛው መቆጣጠሪያ ነው?