ዘላቂ ሕመም ወይም የአካል ጕዳት ያለባቸው ወጣቶች በስክሪን ፊት ስለሚያሳልፉት ጊዜ

ጤነኛ የሆነ ልጅ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ከብት ያግዳል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ኳስ ይጫወታል፤ ከጓደኞቹም ጋራ በሜዳ ላይ ይውላል። የስኳር በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ በቤት ይቀራል። በቤት የቀረውም ልጅ የእጅ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ያገኘ እንደ ሆነ፣ ዐይኑን ከስክሪኑ ላይ ሳያነሣ ቀኑ ይመሽበታል። በዚህ ነገር ወላጆች ለሁለት ተከፍለው ይገኛሉ። እኩሌቶቹ «ሌላ ምን መጫወቻ አለው፤ ተዉት» ይላሉ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ «ሕመሙን ያጸናበት ስልኩ ነው» ብለው ከእጁ ይነጥቁታል። አስተማሪውም ሽማግሌውም ምክር በተጠየቁ ጊዜ፣ ለአንደኛው ወገን ከመፍረዳቸው አስቀድሞ ነገሩን መርምረው ሊያውቁት ይገባል፤ ፍርዱ በሰዓት ቍጥር ብቻ የሚገኝ አይደለምና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሰዓት እንዲቈጠር ከመከሩት ወገኖች አንዱ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር በ2001 ዓ.ም. ልጆች በቀን ከ1 እስከ 2 ሰዓት ከሚሆን ጊዜ የበለጠ በቴሌቪዥንና ይህን በመሰለ ነገር ፊት እንዳይቀመጡ አሳሰበ። በ2016 ዓ.ም. ግን 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ልጆች ይህን ቍርጥ ያለ ልክ ትቶ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለልጁ የሚስማማውን ሥርዐት እንዲያወጣ፣ ይኸውም ሥርዐት የልጁን እንቅልፍና የሰውነቱን እንቅስቃሴ የሚጠብቅ እንዲሆን መከረ። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የአካል ጕዳት ያለባቸውን ልጆች ለይቶ አነሣ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉት እንደ ዐቅማቸው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ሰውነታቸውን በርታ አድርገው እንዲያንቀሳቅሱ፣ ለመዝናኛ ሲባል በስክሪን ፊት የሚቀመጡበትም ጊዜ እንዲቀነስ አሳሰበ፤ ነገር ግን በስንት ሰዓት እንዲወሰን አልተናገረም። በዚህ መመሪያ ውስጥ «ለመዝናኛ» የምትለዋን ቃል ልብ ማድረግ ይገባል፤ ኋላ ታስፈልጋለችና።

የስክሪን ጕዳት በሕመምተኛ ልጅ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ከኖርዌይ አገር የተገኘ አንድ ምርመራ ይጠቅማል። በዚያ አገር የስኳር በሽታ ያለባቸውን 538 ልጆችና ወጣቶች ሐኪሞች መረመሩ፤ ያገኙትንም በ2007 ዓ.ም. አሳተሙ። የእነዚህ ልጆች በሽታ የመጀመሪያው ዐይነት የሚባለው ነው። ይኸውም ሰውነት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር መሥራት ስለ ተወ፣ በየቀኑ በመርፌ ካልተሰጠው በቀር መኖር የማይቻልበት በሽታ ነው። ሐኪሞቹም እያንዳንዱ ልጅ በቀን ስንት ሰዓት ቴሌቪዥን እንደሚያይ ጠየቁ፤ ከደሙም ያለፉት ሁለት ሦስት ወራት ስኳሩ እንዴት እንደ ሰነበተ የሚያሳየውን ልክ ለኩ። በቀን ከ1 ሰዓት ያነሰ የሚያዩት ልጆች ልካቸው በአማካይ 8.2 በመቶ ሲሆን፣ 4 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚያዩት 9.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በመካከል ያሉትም ሰዓቱ በጨመረ ቍጥር ልካቸው ከፍ እያለ ሄደ። ልዩነቱ ቍጥሩን ላየው ሰው ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ስኳር ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት የኖረ እንደ ሆነ ዐይንን፣ ኵላሊትንና የእግርን ጅማት ስለሚጐዳ፣ ሐኪሞች ይህን ያህል ልዩነት እንደ ትንሽ ነገር አያዩትም።

ስለ ምን እንዲህ ይሆናል ቢሉ፣ የሚሠራ ጡንቻ ከደም ስኳር ወስዶ ያቃጥላል፤ የተቀመጠ ጡንቻ ግን የሚወስደው ጥቂት ነው። ሁለተኛም፣ ዐይኑ በሥዕል የተያዘ ልጅ የሚበላውን አያስተውልም፤ ቈሎውንም ብስኵቱንም ሳይቈጥር ይጨርሰዋል፤ የመርፌውም ሰዓት ያልፍበታል። ሆኖም እንዲህ ያለው ምርመራ ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አያረጋግጥም። ስኳሩ ከፍ ያለበት ልጅ ሰውነቱ ስለሚዝል ከመሮጥ ይልቅ መቀመጥን ይመርጣልና። እንዲህ ያለውን ልጅ ስልኩን ነጥቆ «ሂድና ሩጥ» ማለት መድኀኒቱን ሳይሰጡ ምልክቱን መቅጣት ይሆናል።

ስክሪን በሌሎችም ሕመሞች ላይ የራሱ ጕዳት አለው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖር፣ ገላውም የደነዘዘ ልጅ በጨዋታ ተጠምዶ ሳይንቀሳቀስ የዋለ እንደ ሆነ በመቀመጫው ላይ ቍስል ይወጣበታል፤ ይህም ቍስል ሳይሰማው ወደ አጥንት ሊደርስ የሚችል ነው። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ በእጁ ተደግፎ ከወንበሩ ከፍ እንዲል ወይም ወደ ጐን እንዲያጋድል ማስለመድ ያስፈልጋል። ሌሊትም ስልክ ይዞ የሚያመሽ ልጅ እንቅልፉ ይጐድላል፤ የእንቅልፍ መጕደል ደግሞ የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ለነጣቂዎቹ ወገን የሚያደላ ይመስላል። ከዚያው ከኖርዌይ የተገኘ አንድ የሕይወት ታሪክ ግን ሌላውን ፊት ያሳያል። ማትስ ስቴን በ1989 ዓ.ም. ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ዱሼን የተባለ የጡንቻ በሽታ እንዳለበት ታወቀ። ይህ በሽታ ከሞላ ጐደል ወንዶችን ልጆች የሚይዝ ሲሆን፣ ጡንቻ ከዓመት ወደ ዓመት እየከሳ ይሄዳል፤ በመጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ እጅ፣ በመጨረሻም የመተንፈሻና የልብ ጡንቻ ይደክማል። ማትስ በተሽከርካሪ ወንበር አደገ፤ እኩዮቹ ሲሮጡ እሱ ተቀምጦ ቀረ። ከጐረምሳነቱም ዠምሮ ብዙውን ጊዜውን ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ አሳለፈው። ይህ ጨዋታ በብዙ አገሮች ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ፈንታ የሚሄድ፣ የሚዋጋና የሚነጋገር ሰው በሥዕል አለው። የማትስ ሥዕላዊ ሰው ስሙ ኢበሊን ነበረ።

በሕይወቱ የመጨረሻዎቹ 10 ዓመታት ማትስ ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ሰዓት በዚህ ጨዋታ እንዳሳለፈ ተገምቷል። ይህም ቢከፋፈል በቀን ከ4 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ በሰዓት ቍጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው ያለ ጥርጥር የሚኰንነው ልጅ ነው። ወላጆቹም ልጃቸው ብቻውን፣ ወዳጅም ሳይኖረው፣ ለማንም ሳይጠቅም እንደሚያልፍ አስበው እጅግ ያዝኑ ነበር። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ ዐረፈ። አባቱ ማትስ ይጽፍበት በነበረው የኢንተርኔት ገጽ ላይ የዕረፍቱን ዜና ባወጣ ጊዜ ግን፣ ከልዩ ልዩ አገር የሐዘን መልእክት ይጐርፍ ዠመር። በቀብሩም ላይ ቤተ ሰቡ ከዚያ በፊት አይተዋቸው የማያውቁ፣ ከሌላ አገር የመጡ ወዳጆቹ ተገኙ። እነዚህም ስታርላይት በተባለው የጨዋታው ማኅበር ውስጥ ለዓመታት አብረውት የነበሩ ናቸው። ታሪኩን ቤንጃሚን ሬ የተባለ ኖርዌያዊ በፊልም ሠርቶ በ2024 ዓ.ም. አወጣው። በጨዋታው ውስጥ የተነጋገሩት ቃል ተጠብቆ የተገኘው 42 ሺህ ገጽ ያህል ስለ ነበረ፣ ፊልሙ የተሠራው አብዛኛውን ከዚያ ነው።

በዚያም ጽሑፍ ውስጥ የተገኘው ነገር አስተማሪን ሊያስተምር የሚገባው ነው። አንዲት የኔዘርላንድ ልጅ በትምህርቷ ስለ ደከመች ወላጆቿ ኮምፒዩተሯን ወሰዱባት፤ እርሷም ወዳጆቿን ሁሉ በአንድ ቀን በማጣቷ ልቧ ተሰበረ። ማትስ ይህን በሰማ ጊዜ ጨዋታው ለልጃቸው ምን እንደ ሆነ እያስረዳ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጻፈ። ከሰው ጋራ መቀራረብ የሚቸግረው ኦቲዝም ያለበት ልጅ የነበራት አንዲት የዴንማርክ እናት ደግሞ፣ ማትስ በመከራት መሠረት ወደ ጨዋታው ገብታ ከልጅዋ ጋራ መጫወት ዠመረች፤ ፊት ለፊት ሊያደርገው የተሳነውንም እቅፍ በሥዕላዊው ሰው በኩል ሰጣት። እንግዲህ ከወንበሩ መነሣት የማይችለው ልጅ የሌላውን ቤት ያቃና ነበር። የማኅበሩ ሰዎች በሽታውን ሳያውቁ ብዙ ዓመት ስላሳለፉ፣ የወደዱት አዝነውለት እንዳልሆነ ግልጥ ነው። ሕመምተኛ ልጅ በመንደሩ ውስጥ ይህን የሚያገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ በየደረሰበት አስቀድሞ የሚታየው ክራንቹ ወይም ወንበሩ ነውና።

ወላጆቹ ይህን ሁሉ ሳያውቁ የቀሩት የሚወዱት ልጃቸውን ቸል ብለው አይደለም። ከጀርባው ሆነው ሲያዩ የሚታያቸው ጨዋታ ብቻ ስለ ነበረ ነው። አስተማሪም ከሩቅ ሆኖ ስልክ ላይ ያጐነበሰ ራስ ብቻ ሊያይ ይችላል።

ከላይ «ለመዝናኛ» የምትለዋ ቃል ታስፈልጋለች የተባለውም ስለዚህ ነው። ዐይነ ስውር ተማሪ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብለት ስልክ ሲማር፣ መስማት የተሳናትም ልጅ በቪዲዮ ከወዳጅዋ ጋራ በምልክት ቋንቋ ስትነጋገር፣ ያ ጊዜ ከመዝናኛ ሰዓት ሊቈጠር አይገባም። መነጽር ያደረገን ልጅ «በቀን ስንት ሰዓት መነጽር አደረግህ» ብሎ የሚቈጣው የለም።

አንድ ነገር ግን ሰዓትም ሳይቈጠርለት የሚጐዳ ስለ ሆነ ለብቻው መነገር አለበት። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከመቶው 3 ያህሉ ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን ይወድቃሉ፤ ይህም በልጆችና በጐረምሶች ላይ ይበዛል። በታኅሣሥ ወር 1997 ዓ.ም. በጃፓን አገር ፖኬሞን የተባለ የልጆች የሥዕል ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት የተፈራረቀበት አንድ ቦታ ስለ ነበረ፣ 685 ልጆች በአምቡላንስ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ከእነዚያም ብዙዎቹ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አግኝቷቸው አያውቅም ነበር። እንግዲህ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ፊልም የሚያይበት የቪዲዮ ቤት ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚስማማ ስፍራ አይደለም። ብርሃን ባለበት ክፍል፣ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ብልጭታው በድንገት የመጣ እንደ ሆነ ዐይንን መጨፈን አይበቃም፤ አንድ ዐይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ፊቱን ማዞር አለበት። የወደቀም እንደ ሆነ በጐኑ ማስተኛት፣ ራሱን በልብስ መደገፍ፣ እስኪነቃም ከአጠገቡ አለመለየት ነው። በአፉ ማንኪያ ማግባትና ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳውም፤ ይጐዳዋል። ከ5 ደቂቃ በላይ የቈየበት እንደ ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።

ወላጅ መጥቶ ምክር በጠየቀ ጊዜ፣ አስተማሪው ከ«ስንት ሰዓት» አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው። ልጁ በስክሪኑ ላይ የሚያደርገው ምንድር ነው፤ ከማን ጋራ ነው፤ ስለዚህስ የቀረበት ምንድር ነው፤ እንቅልፉ ነው፣ መድኀኒቱ ነው፣ ምግቡ ነው፣ ወይስ ከሰው ጋራ መዋሉ? ምንም ያልቀረበት እንደ ሆነ በሰዓቱ መጨነቅ አያስፈልግም። መድኀኒቱ የቀረበት እንደ ሆነ ግን አንድ ሰዓትም ብዙ ነው። እርሱን ራሱን «እስቲ አንተ የምትጫወተውን አሳየኝ» ብሎ ከአጠገቡ መቀመጥ ከብዙ ተግሣጽ የበለጠ ያስታውቃል። በዚያውም፣ የማያውቀው ሰው ገንዘብ ወይም ሥዕሉን እንደ ጠየቀው፣ በሕመሙ ያፌዘበትም እንዳለ ይታወቃል። ይልቁንም «መርፌህን ተውና ይህን ጠጣ» የሚል የመድኀኒት ነጋዴ እንዳላታለለው መጠየቅ ይገባል። የመጀመሪያው ዐይነት ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊኑን ቢተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላልና።

ስልኩንም ለቅጣት መንጠቅ ከሁሉ በኋላ የሚደረግ ይሁን። ሌሊት ስልኩ በወላጆች መኝታ አጠገብ እንዲያድር መስማማት ግን ቅጣት አይደለም፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ እኩል የሆነ እንደ ሆነ ልጁም አያኰርፍም። በትምህርት ቤቱ በኩል ደግሞ፣ ሕመምተኛው ልጅ በቤት ተቀምጦ እንዳይውል የሚያደርገው መጫወቻ መስጠት ነው፤ መሮጥ ያልቻለ በእጁ ኳስ ይወርውር፣ ዳኛ ሆኖ ፊሽካ ይንፋ፣ ገበጣም ይጫወት።

ከጕሮሮ ሕመም በመጣ የልብ በሽታ ምክንያት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንት የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ ተማሪ፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ በመርፌው ቀን ከትምህርት ይቀራል። አስተማሪው የዚያን ቀን ሰሌዳውን በስልኩ አንሥቶ ለልጁ ቤተ ሰብ ቢልክለት፣ ልጁ በማታ ግማሽ ሰዓት ያህል በስክሪን ፊት ተቀምጦ ይገለብጠዋል፤ በማግሥቱም ከጓደኞቹ ጋራ እኩል ሆኖ ይገባል።