በርበሬ የሚሸተው ደብተር

አንዲት ባለትዳር ከቤተሰቧ የምትደብቀው ነገር ምንድን ነው ቢባል፣ አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚገምተው ገንዘብ ነው። በአዲስ አበባ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ግን ለ7 ዓመታት ከባለቤቷም ከልጆቿም ሸሽጋ ያኖረችው አንድ ደብተር ነበር። ቦታውም ጓዳ ውስጥ፣ ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ ነው። «እዚያ ከእኔ በቀር እጁን የሚሰድ የለም» ትላለች እየሳቀች። ደብተሩ ውስጥ የተጻፈው ምሥጢር አልነበረም፤ ግጥም ነው።

ለመሆኑ ግጥም ምን ነውር አለበትና ይደበቃል? ይህን ስንጠይቃት ሳቋን ገታ አድርጋ፣ «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ! ቀን ስፌት፣ ማታ ወጥ፤ ደግሞ ገጣሚ ሆንሽ? እንዳልባል ነው የፈራሁት» ስትል መለሰችልን።

ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀችን ይህች እናት ዛሬ ደብተሯን የምትደብቅ አይደለችም። የለወጣትም ሽልማት ወይም የታተመ መጽሐፍ አይደለም። የለወጧት እንደ እርሷው ከሥራና ከቤት ጣጣ በተረፈች ሰዓት የሚጽፉ፣ የጻፉትንም እርስ በርስ እየተነባበቡ የሚተራረሙ ሰባት ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው ነርስ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ የሒሳብ ሠራተኛና በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት እናት ይገኙባቸዋል። አንዳቸውም በግጥም እንጀራ አይበሉም፤ እንበላለን ብለውም አላሰቡም።

አጀማመራቸው ቀላል ነው። ሦስት የፋብሪካ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት አብረው ሲቀመጡ አንደኛዋ ከኪሷ ወረቀት አውጥታ አነበበች። ሌላዋ፣ «እኔም አለኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ በወር አንድ እሑድ ከቡና በኋላ በየተራ በየቤታቸው መገናኘት ጀመሩ። በመካከሉ ደግሞ በእጅ ስልካቸው በቴሌግራም ይላላካሉ። ልጅ አስተኝታ የጻፈችውን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የላከች እናት፣ ጠዋት ታክሲ ስትጠብቅ መልስ አግኝታ ታነባለች።

አዲስ ነገር ነውን?

ሴቶች ግጥም ተቀባበሉ ሲባል አንዳንዱ ሰው የስልክ ዘመን ያመጣው ፈሊጥ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እናቶቻችን በወፍጮ ሥር ሲያንጎራጉሩ፣ በሠርግ ሲያዜሙ፣ በለቅሶ ሲያሞሹ ግጥም ደርድረዋል። አውጪዋ ስታወጣ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ፤ ጥሩ ስንኝ ስትመጣ ለቅሶው ይጋጋላል፤ ሳይጥም ሲቀር ደግሞ ሌላዋ ነጥቃ የተሻለውን ታወጣለች። ይህ ራሱ መተራረም ነው። ልዩነቱ በደብተር አለመጻፉ ብቻ ነው።

በቅኔ ቤትም ቢሆን ተማሪው ብቻውን ቆጥሮ ያዘጋጀውን ቅኔ ለብቻው አያስቀምጠውም። በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም የጎደለውን ይሞላሉ፣ የተጣመመውን ያቃናሉ። ጀማሪው የሚነሣው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው፤ እየታረመ እየታረመ ወደ ረጃጅሞቹ ያድጋል። ይህ ትምህርት የወንዶች ብቻ ነበር የሚል ቢኖር፣ በጎጃም ጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስታውስ። እማሆይ ገላነሽ በሕፃንነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ቢያጡም በቅኔ መምህርነታቸው ስማቸው የተጠራ ሴት ነበሩ።

በጽሑፍም በኩል ቢሆን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ከመሆናቸው በፊት «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘውን ሥራቸውን በ1942 ዓ.ም. አሳትመዋል። የርእሱን ድፍረት ልብ ይሏል! ልብን በአደባባይ ማውጣት ያኔም ቀላል አልነበረም።

በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ይካሄድ በነበረው የተማሪዎች የግጥም ውድድርም እንደ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም.፣ እንደ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» ደግሞ በ1959 ዓ.ም. ያሉት ግጥሞች ለሕዝብ የደረሱት በቅድሚያ በጆሮ ነው። ግጥም ሰሚ ይፈልጋል ስንል ከዚህ ተነሥተን ነው።

«ግሩም ነው!» የማይጠቅምበት ጊዜ

ወደ ስምንቱ ሴቶች እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማንኛዋም ብትጽፍ የሚሰጣት መልስ አንድ ነበር፤ «ግሩም ነው! እጅሽ ይባረክ!» መልካም ቃል ነው፤ የፈራ ልብን ያደፋፍራል። ነገር ግን ጨው ሳይቀምሱ ወጥን እንደማመስገን ያለ ነው።

የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ስለ እናቷ የጻፈችው የመጀመሪያ ግጥም እንዲህ ሲል ይጀምር ነበር፦

እናቴ እናቴ የልቤ መብራት፣
ፍቅርሽ ለኔ ሆነኝ ምሳና እራት።

ሁሉም አመሰገኑ። ጡረተኛዋ እናት ብቻ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ እናትሽ ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። አሁን ዓይኗ ደክሟል።»

«ታዲያ እሱን ለምን አልጻፍሽውም? ይህ የጻፍሽው የማንም እናት ነው። የአንቺን እናት አላየኋትም።»

«ያን ቀን አኩርፌ ነው የወጣሁ» ትላለች ገጣሚዋ። «ለሁለት ሳምንት ብዕር አላነሣሁም። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ማሽን ላይ ቁጭ ብዬ ስሰፋ፣ እናቴ ጭሱን በነጠላዋ ጫፍ እየገፋች ስታሰፋ ትታየኛለች።»

በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ግጥም ላከች። አንዱ ስንኝ «ምጣዱ ላይ ተደፍታ እናቴ ስትጋግር» ይል ነበር። አሁን ደግሞ መምህርቷ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። በአማርኛ ግጥም እጅግ የተለመደው ወል ቤት የሚባለው ስልት በግራ 6፣ በቀኝ 6፣ በድምሩ 12 ቀለም ይይዛል። ሰንጎ መገን የሚባለው ደግሞ 5 እና 5 ነው። የሚቆጠረው በአፍ የሚወጣው ድምፅ እንጂ በወረቀት ላይ ያለው ፊደል አይደለም። በዚህ ቆጠራ «ምጣዱ ላይ ተደፍታ» 7 ሆኖ ተገኘ። «ምጣድ ላይ ተደፍታ» ቢባል ግን 6 ይሆንና ይስተካከላል። «ሲነበብ የሚያደናቅፈኝ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ስፌት ላይ አንድ ክር ሲሳብ ጨርቁ እንደሚሰበሰብ ማለት ነው» ስትል ገጣሚዋ አስረዳችን።

የግጥሙ መዝጊያም እንዲህ የሚል ሆነ፦

ጭሱ ያንቺን ዓይኖች ቀስ በቀስ ሲያከስም፣
እንጀራ አየን እንጂ አንቺን አላየንም።

በዚያ እሑድ «ግሩም ነው» ያለ ሰው አልነበረም። ነርሷ ብቻ ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች። የእርሷም እናት ጋጋሪ ነበሩ።

የሾለከው ግጥም

ይህ ሁሉ ሲባል ጉዞው ያለ እንቅፋት አልነበረም። ከሁሉ የከፋው የደረሰው ባለፈው ዓመት ነው። ከአባላቱ አንዷ ስለ ትዳሯ፣ ከባለቤቷ ጋር ተኳርፈው ስላሳለፉት ክረምት ጻፈች። ላከችላቸውም። ከሰባቱ አንደኛዋ በክፋት ሳይሆን ወድዳው ለአንዲት ዘመዷ አሳለፈችው። ዘመዲቱም ለሌላ፤ ሌላዋም ለሌላ። በሳምንቱ ግጥሙ ተመልሶ የደረሰው ባለቤትየው መሥሪያ ቤት ነው።

በዚያ ቤት ምን ዓይነት ጠብ እንደተነሣ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ሴትዮዋ ከቡድኑ ወጣች፤ ለ5 ወራትም አልተመለሰችም። ያሳለፈችውም ብትሆን በጸጸት ታማ ከረመች። በመጨረሻ ጡረተኛዋ ሁለቱን ቤታቸው ጠርተው ቡና አፍልተው አስታረቁ። ባለቤትየውም ቀርበው ይቅርታ ተጠየቁ። በዚያ ዕለት ባልየው የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ «እኔን ያስቀየመኝ መጻፏ አይደለም። እንዲህ መከፋቷን ከሰው ስልክ ላይ ማንበቤ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስምንቱ ሴቶች የማይጣስ ደንብ አላቸው። ግጥም የጻፊዋ ገመና ነው። እርሷ በአንደበቷ «ይውጣ» ሳትል ከመካከላቸው አይወጣም፤ ለባል፣ ለእህት፣ ለልብ ጓደኛም ቢሆን አይተላለፍም።

ለአንባቢያት እናቶች

ይህን ስታነቡ፣ «እኔም እኮ የደበቅኩት ደብተር አለኝ» የምትሉ እንደምትኖሩ አንጠራጠርም። ከስምንቱ ሴቶች ልምድ የሚጠቅመውን ለይተን እነሆ እንላለን።

አንደኛ፣ ብዙ ሰው አትፈልጉ። ሁለት የምታምኗቸው ጓደኞች ይበቃሉ። የሚያስፈልገው የታወቀ ሊቅ አይደለም፤ ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ የጓደኛን ግጥም ድምፅን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባል። በመጀመሪያው ሐሳቡ ይያዛል፤ በሁለተኛው ደግሞ ምላስ የሚያደናቅፈው ቦታ ይታወቃል። ቤት አለመምታቱና ቀለም መጉደሉ በዓይን ከመለየቱ ይልቅ በጆሮ ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ ከማመስገንም ከመንቀፍም በፊት ያያችሁትን ተናገሩ። «እኔ እዚህ ጋ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ አየሁ» ብትሉ፣ ጸሐፊዋ ያሰበችው መድረሱን ወይም አለመድረሱን ራሷ ታውቃለች። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «እናትሽ ምን ትሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከአሥር ነቀፌታ የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

አራተኛ፣ የሌላውን ሰው ግጥም ወደ ራሳችሁ ግጥም አትለውጡት። የጎበጠውን አሳዩ፤ የሚያቃናው ግን ባለቤቱ ይሁን። ከአንድ ስንኝ በላይ በአንድ ጊዜ አትንኩ። ጀማሪ እንደ ችግኝ ነው፤ ሁሉን ሥር ነቅሎ ማየት አይቻልም።

አምስተኛ፣ ዝምታን ተጠንቀቁ። ግጥሟን ልካ መልስ ያጣች ሴት፣ ዝምታውን እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች። ጊዜ ከሌላችሁ «እሑድ አነብልሻለሁ» በሉና ቃላችሁን ጠብቁ።

ለባሎችም አንድ ቃል አለን። ሚስትዎ በወር አንድ እሑድ ለሦስት ሰዓት ደብተሯን ይዛ ብትወጣ ቤቱ አይፈርስም። ልጆቹን ይያዙ፤ ቡናውንም ያፍሉ። ስትመለስም «ምን ጻፍሽ?» ብለው ይጠይቋት። ከሰው ስልክ ላይ ከማንበብ ይሻላል።

የእናትየዋ መልስ

የጋጋሪዋ እናት ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ግጥም ሰምተው ይሆን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በመጨረሻ ነው። ልጃቸው ለረጅም ጊዜ ፈርታ ኖራለች። «ዓይንሽ ጠፋ ብዬ በግጥም እንዴት እነግራታለሁ? ታዝንብኛለች ብዬ ነበር» አለችን።

በመጨረሻ አንድ የበዓል ዋዜማ፣ ሽንኩርት እየላጡ ሳሉ አነበበችላቸው። እናትየዋ መክተፊያውን ገፋ አድርገው አዳመጡ። ሲያልቅ አላለቀሱም፤ ይልቁንም እንደ ዳኛ አስተካከሏት። «ጭሱ ብቻ አይደለም ልጄ። ደረቅ እንጨት መግዣ አጥቼ እርጥቡን ሳነድ ነው እንጂ፣ ደረቁስ እንዲህ አያጨስም ነበር» አሏት። ከዚያም ፊደል ያልቆጠሩት እኚህ እናት ጥቂት አሰብ አድርገው፣ ከእጃቸው ላይ የሽንኩርቱን ልጣጭ እያራገፉ እንዲህ አሉ፦

እርጥብ እንጨት ሳነድ ያለቀስኩት እንባ፣
ቀለም ሆኖ ዛሬ ደብተርሽ ውስጥ ገባ።

6 እና 6 ነው። ማንም አላስቆጠራቸውም።

ልጅየዋ ስንኞቹን እዚያው ከራሷ ግጥም ሥር ጻፈቻቸው። እናቷ ፈቅደውላታልና ለእኛም አሳየችን። ደብተሩ ዛሬ የሚቀመጠው በሳሎኑ መደርደሪያ ላይ፣ ከልጆቹ የትምህርት ደብተሮች ጋር ነው። ገጹን ስንገልጥ ግን አሁንም በርበሬ በርበሬ ይሸታል።