ያውቁ ኖሯል? ባርኮድ የትውልድ ቦታ አይናገርም

የእነዋሪ ምስር ናይሮቢ ተወስዶ በኬንያ በተመዘገበ ኩባንያ ቢታሸግ፣ ባርኮዱ በ616 ሊጀምር ይችላል። የበቀለው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ፣ እነዋሪ ባለችበት በሞረትና ጅሩ ነው! መነሻዎቹ ሦስት አሃዞች የሚያሳዩት ቁጥሩ የተሰጠበትን እንጂ ምርቱ የተገኘበትን አገር አይደለም።

የመጽሐፍ ግን ለየት ይላል። አገር ውስጥ ከታተሙት የብዙዎቹን ጀርባ ቢያዩ 978-99944 የሚል ያገኛሉ፤ 978 መጽሐፍ መሆኑን፣ 99944 ደግሞ ኢትዮጵያን ያመለክታል።

ከባርኮዱ 13 አሃዞች የመጨረሻው መፈተሻ ነው። ከፊቱ ካሉት 12ቱ ተሰልቶ ስለሚገኝ፣ ሲጻፍ አንዱ አሃዝ ቢሳሳት ኮምፒውተሩ ወዲያው ይለየዋል።

አማዞንን የመሰሉ የኢንተርኔት ገበያዎች ለአብዛኛው ዕቃ የባርኮድ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ የማን እንደሆነም ያጣራሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ከደላላ አይግዙ፤ በራስዎ ድርጅት ስም ያስመዝግቡ።