ተጨማሪ መረጃ፦ ቶሮንቶን ለመጎብኘት ሲታቀድ

ቶሮንቶ በኦንታሪዮ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ በሕዝብ ብዛት የካናዳ ቀዳሚ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ 2.79 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪዎች ነበሯት፤ ግማሽ የሚጠጉት ከካናዳ ውጭ የተወለዱ ናቸው።

ጊዜ፦ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለእግር ጉዞ የሚመቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የካሪቢያን ካርኒቫል የአደባባይ ሰልፍም በሐምሌ መጨረሻ ይካሄዳል።

ቪዛ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተጓዥ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። የጣት አሻራና ፎቶግራፍም ስለሚጠየቅ ማመልከቻውን አስቀድሞ ማስገባት ይበጃል።

ሰፈሮች፦ የዕለቱን ጉዞ በሰፈር መከፋፈል ድካም ይቀንሳል። በስፓዳይና ጎዳና ያለው የቻይናውያን ሰፈርና ኬንሲንግተን ገበያ ጎን ለጎን ስለሆኑ በአንድ ቀን ይታያሉ። ኬንሲንግተን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአይሁድ ስደተኞች ገበያ ነበር፤ በኋላ ፖርቹጋሎችና ካሪቢያኖች ተጨመሩበት። በዳንፎርዝ ጎዳና ደግሞ የግሪኮችን ሰፈር አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ እንጀራ የሚያቀርቡ የሐበሻ ምግብ ቤቶችን ያገኛል።

መጓጓዣ፦ በካርድ አንዴ የተከፈለ ሒሳብ በከተማዋ አውቶቡስ፣ ትራምና የምድር ውስጥ ባቡር ለ2 ሰዓት ያገለግላል።

ወጪ፦ በአብዛኞቹ ሱቆች የሚለጠፈው ዋጋ ግብርን አይጨምርም። በብዙ ዕቃዎችና በምግብ ቤት ሒሳብ ላይ 13 በመቶ ስለሚታከል በጀት ሲያዝ ይታሰብበት።