የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ፣ ሜርኩሪና ነፍሰ ጡር እናት

ከሐዋሳ መሀል ከተማ ወጣ ብሎ በሐይቁ አጠገብ በሚገኘው ቡሹሎ ለእርግዝና ክትትል የምትመጣ እናት ስለ አመጋገቧ ስትጠየቅ ዓሣን ብትጠቅስ አያስገርምም። ባለሙያው «ይብሉ» ይበላት ወይስ «ይቅርብዎ»? መልሱ የሚወሰነው በዓሣው ዓይነትና መጠን ነው። ለዚህም የዶ/ር ዘሪሁን ደስታና የሥራ ባልደረቦቻቸው ጥናቶች ጥሩ መነሻ ናቸው።

ሜርኩሪ ከአለትና ከእሳተ ገሞራ፣ እንዲሁም ከድንጋይ ከሰል ጭስና ከወርቅ ማጣራት ሥራ ወደ አየርና ወደ ውኃ ይገባል። በሐይቅ ደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ይህ ውሑድ ከጡንቻ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያስወግደውም። ትንሹን ትልቁ በበላው ቁጥር ክምችቱ እየጨመረ ይሄዳል።

ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የሐዋሳ ሐይቅ ባርባስ (ቢልጫ) የሜርኩሪ መጠን ከዓሣ ዓሣ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። ምክንያቱ የአመጋገብ ለውጥ ነው፤ ሌሎች ዓሦችን መብላት የጀመሩት ትልልቆቹ ከፍተኛ መጠን ይዘው ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ በኪሎ ግራም ከ0.5 ሚሊ ግራም በላይ ነበራቸው። በዋነኛነት አልጌ የሚመገበው ቆሮሶ ግን ዝቅተኛ ነው። የሚደንቀው አምባዛ ነው፤ ዓሣ በል ሆኖ ሳለ ከተጠበቀው ያነሰ መጠን ተገኝቶበታል። «ትልቅ ዓሣ ሁሉ መጥፎ ነው» የሚለው አቋራጭ አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። የተለካው ዓሣው እንጂ እናቶቹ አለመሆናቸውንም ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ወደ ምክር እንለውጠው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስቀመጠው የሳምንት ገደብ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮ ግራም ሜቲል ሜርኩሪ ነው። ክብደቷ 50 ኪሎ ለሆነች እናት 80 ማይክሮ ግራም መሆኑ ነው። በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ከያዘ ዓሣ በሳምንት 160 ግራም ስትበላ ገደቡ ላይ ትደርሳለች። ዓሣው 0.05 ብቻ የያዘ ከሆነ ግን 1.6 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው።

ገደቡ እንዲህ የጠበበው ለፅንሱ ሲባል ነው። ሜቲል ሜርኩሪ የእንግዴ ልጅን በቀላሉ ያልፋል፤ በእትብት ደም ውስጥ ያለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከእናቲቱ ደም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1956 በታወቀው የጃፓኑ የሚናማታ መመረዝ ከባድ የአንጎል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች የወለዱ እናቶች ራሳቸው እምብዛም ምልክት ያልታየባቸው ነበሩ። ስለዚህ የእናቲቱ ደህና መምሰል ማረጋገጫ አይሆንም። በአነስተኛ መጠን የሚደርሰው ጉዳት አሁንም ያከራክራል። የዓሣ ነባሪ ሥጋ በሚበላባቸው የፋሮ ደሴቶች በልጆች ትኩረትና ትውስታ ላይ ጉድለት ሲታይ፣ የውቅያኖስ ዓሣ በብዛት በሚበላባቸው ሲሸልስ ግልጽ ጉዳት አልታየም።

ዓሣን በጅምላ መከልከል ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለቱ ድርጅቶች የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ በእርግዝና ወቅት ዓሣ መመገብ ለፅንሱ አንጎል እድገት እንደሚጠቅም፣ አለመመገብም የራሱ ጉዳት እንዳለው አመልክቷል። ሽሮና ቆጮ በሚበዛበት ማዕድ የዓሣ ፕሮቲን፣ ብረትና ኦሜጋ 3 ቅባት በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

ከዚሁ ሐይቅ ዓሣ ላይ የዲዲቲ ቅሪትም ተገኝቷል። ዲዲቲ በቅባት ስለሚሟሟ ወደ ጡት ወተት ይገባል፤ ይሁንና ጡት ማጥባትን ለማስቆም ምክንያት አይሆንም።

በየጤና ተቋማችን የሚሰበረው የሜርኩሪ ቴርሞሜትርም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። ፍንጥቅጣቂውን በመጥረጊያ መጥረግና ወደ ፍሳሽ መድፋት የተለመደ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ትነቱን ያባብሳል፤ ሁለተኛው ወደ ውኃ ይሰደዋል። መስኮት ከፍቶ፣ ነፍሰ ጡሮችን ከክፍሉ አስወጥቶ፣ ጠብታዎቹን በወፍራም ወረቀት ሰብስቦ በሚከደን ዕቃ ማስቀመጥ ይገባል።

በክትትል ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገው ሁለት ጥያቄ ነው፦ የትኛውን ዓሣ? በሳምንት ስንት ጊዜ? ቆሮሶ የምትበላ እናት ትቀጥል፤ ትልልቅ ባርባስ የምታዘወትር በቆሮሶ ትተካው። ሜቲል ሜርኩሪ በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ምክሩ ለማርገዝ ላሰበችው ሴትም፣ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ለማቋረጥ ስትመጣ፣ ቢነገራት ይመረጣል።