የአንድ ደመወዝ ጎጆ

የሐረሩ ኤረር በር ከማለዳ ጀምሮ ፋታ የለውም። በምሥራቅ በኩል ካለው የኤረር ሸለቆ የሚመጡት እናቶች ማገዶውን በጀርባቸው አዝለው፣ ጫቱን በቅጠል ጠቅልለው ይደርሳሉ፤ ባጃጁም በመካከላቸው እየተሽሎከሎከ መንገዱን ያጨናንቀዋል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. አንድ ጠዋት እዚያው ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት ከፕላስቲክ ዕቃ ሻጯ ፊት አረንጓዴ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ይዞ ሲከራከር አየሁ። ዋጋውን ጠየቀ። ሳፋውን ገልብጦ ታቹን በጣቱ አንኳኳ። እንደገና ጠየቀ። በመጨረሻ ካነሳበት ቦታ መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ ወደ እኔ ተጠጋና "ወንድሜ፣ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው አንተ ነህ አሉ። አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ። ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ጀርመን ያለች እህቱ በስልክ "እዚህ ልጅ ላለው ሰው መንግሥት በየወሩ ይከፍላል፤ እናንተ ጋስ?" ብላ ጠይቃው መልስ አጥቷል። "እኛ ጋ ምን አለ?" አለኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ባጃጅ መጣልኝ፣ ተሳፈርኩ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ተሳፍሮ ስለነበር ይኸው ወራት ፈጅቼ መልሱን ስፈልግ ቆየሁ።

የእነዚህ ባልና ሚስት ኑሮ የተለየ አይደለም። እሱ የአንድ የግል ድርጅት የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙ ሳይቆረጥ 9,000 ብር። እሷ በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት በኮንትራት ታስተምር ነበር። ኮንትራቱ ሰኔ ላይ አለቀ፤ ሆዷ ገፍቶ ነበርና የሚያድስላት አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የቆመው በአንድ ደመወዝ ነው።

አንባቢ እንደሚያውቀው፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡሯ ሠራተኛ ቀድሞ ከነበረው የተሻለ ሰጥቷታል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 60 ቀን ነበር፤ ይህ ወደ 90 ከፍ አለ። ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን ሲደመርበት አራት ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ማለት ነው። ለአባትም በአዲሱ አዋጅ ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር ተፈቀደለት። ጥሩ ነው። ነገር ግን የአራቱን ወር ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ብቻውን፣ ከራሱ ካዝና ነው፤ የሚከፍለውም የቅጥር ደብዳቤዋ በእጁ ላለ ሠራተኛ ነው። ኮንትራቷ በስድስተኛው ወር ያለቀባት አስተማሪ፣ ጉሊት የምትቸረችር፣ ቤት የምትውል ሴት በዚህ አንቀጽ ውስጥ የለችም። ባሏ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም በሦስት ቀኑ።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 እዚህ ላይ የሚለው ነገር አለ። የወሊድ ጊዜ ክፍያ ከማኅበራዊ መድን ወይም ከሕዝብ ገንዘብ እንጂ በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወጪው በእሱ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ አሠሪው ሆድ እያየ መቅጠርና ሆድ እያየ ኮንትራት መዝጋት ይጀምራል።

ታዲያ እኛ ማኅበራዊ መድን የለንም? አለን። ወጣቱ የደመወዝ ወረቀቱን አሳይቶኛል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ሆኗል፤ ከእሱ 9,000 ብር ላይ ግብሩ 1,400 ብር ነው። ለጡረታ 7 በመቶ፣ 630 ብር ይቆረጣል። እጁ የሚገባው 6,970 ብር ነው። አጠገቡ የሚሠራው፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ባልደረባው በዚያው ደመወዝ የሚከፍለው ግብር ያው 1,400 ብር ነው። ሕጋችን የሚያየው ግለሰቡን ነው፤ ከደመወዙ ጀርባ ስንት አፍ እንዳለ አይጠይቅም። በጡረታው በኩል ደግሞ አሠሪው 11 በመቶ፣ 990 ብር ይጨምርበታል። በአንድ ሰው ስም በየወሩ 1,620 ብር ወደ ፈንዱ ይገባል ማለት ነው። ፈንዱ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሞት ይከፍላል። ለወሊድ ግን አይከፍልም። ሠራተኛው ለጡረታ የሚያበቃ አገልግሎት ኖሮት ከሞተ፣ ለሚስቱ የጡረታው 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይሰጣል። አባት በሕይወት እያለ፣ እየሠራና እየከፈለ፣ ልጁ በፈንዱ መዝገብ ላይ የለም። ይህን የጡረታ ሕግ አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

በግንብ በታጠረው የሐረር ጥንታዊ ክፍል በጁገል ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙም ሳይርቅ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ ነርስ ይኖራሉ። ከ30 ዓመት በላይ አዋልደዋል። "ስሜን አትጻፍ፤ ያልኩትን ግን አንዱንም እንዳታስቀር" ብለውኛልና ቃላቸውን ልጠብቅ።

"ልጄ፣ ማዋለጃ ክፍል ገንዘብ አይጠየቅም" አሉኝ። "ይህን መንግሥት ሠርቷል፤ አልክድም። ድሮ ሴቷ በምጥ ተይዛ ባልየው ብር ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ሲሮጥ አይቻለሁ። አሁን ክትትሉም፣ ማዋለዱም፣ ክትባቱም፣ አምቡላንሱም በነጻ ነው። ግን ልጅ የሚወለደው በአንድ ሌሊት ነው እንዴ? ዘጠኝ ወር መብላት አለባት፤ ከዚያ ታጠባለች። ያንን ማን ይክፈልላት?"

እውነታቸውን ነው። የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂው በ1990 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የእናቶች አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት ከክፍያ ነጻ ከሆኑት ውስጥ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነፍሰ ጡሯን ቤቷ ድረስ ሄደው ይመክራሉ። እሳቸው ግን በምክሩ ብቻ አልረኩም።

"እኔ የነፍሰ ጡርን ኑሮ የማውቀው ከክንዷ ነው። ግፊቷን ልለካ ጨርቁን ሳስረው አልፎ ተርፎ ከዞረ፣ 'ዛሬ ምን በላሽ?' እላታለሁ። 'ሻይ' ትለኛለች። 'ከሻዩ ጋርስ?' ስላት ዝም። እንቁላል ብዪ፣ ጎመን ብዪ፣ ወተት ጠጪ ብዬ እመክራታለሁ፤ አንገቷን ትነቀንቃለች። እሷም እኔም ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን።"

ስለ አባት ፈቃድ ስጠይቃቸው ድምፃቸው ከፍ አለ። "ሦስት ቀን! በሦስተኛው ቀን እኮ ጡቷ ገና ወተት የሚሞላበት ነው። ትኩሳት የሚነሳባትም፣ ሆድ የሚብሳትም ያኔ ነው። እናቷ ገጠር ናት፣ እህቷ ዐረብ አገር ናት፤ ባሏ ደግሞ ፈቃዴ አለቀ ብሎ ይወጣል። ገንፎ የሚያገነፋላት ሰው ሳይኖር ብቻዋን የተኛች አራስ ስንቷን አይቻለሁ!"

የጀርመኗ እህት ያለችው ትክክል ነው፤ እዚያ በ2025 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 255 ዩሮ ይከፈል ነበር። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የእንግሊዝና የፊንላንድ ታሪክ ነው። ሁለቱም የጀመሩት ችግር ላይ ሆነው ነው። እንግሊዝ አገር ኤሊኖር ራትቦን የምትባል የፓርላማ አባል ለልጅ የሚከፈል አበል እንዲኖር፣ ገንዘቡም በእናት እጅ እንዲገባ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ታገለች። ሕጉ በ1945 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ እሷ በ1946 መጀመሪያ ላይ ሞተች፤ የመጀመሪያው ክፍያ የተሰጠው በዚያው ዓመት ኦገስት 6 ቀን ነው፤ በሳምንት 5 ሽልንግ። ይህም ለሁለተኛው ልጅና ከዚያ በኋላ ላሉት እንጂ ለመጀመሪያው ልጅ አልነበረም። በጦርነት የደቀቀው አገር የመጀመሪያውን ለወላጆቹ ተወው። ለመጀመሪያው ልጅም መከፈል የጀመረው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሳፋውን መልሶ ያስቀመጠውን ወጣት እያሰብኩ ይህን ሳነብ፣ ሥር የሌለው ጎጆ የመጀመሪያው ልጅ ሲመጣ እንዴት እንደሚናጋ ያኔም እንዳልታየ ገባኝ።

ፊንላንድ በ1938 እ.ኤ.አ. ለድሃ እናቶች የሕፃን ዕቃ የያዘ ሳጥን መስጠት ጀመረች፤ ሳጥኑ ራሱ የሕፃኑ አልጋ ይሆናል። በ1949 ለሁሉም እናቶች ሆነ። ሳጥኑን ለማግኘት ግን እናቲቱ አራተኛ ወሯን ሳትጨርስ ሐኪም ወይም አዋላጅ ዘንድ መቅረብ ነበረባት። ሳጥኑ እናቲቱን ወደ ክትትል የሚያመጣት ጥሪ ሆነ ማለት ነው። ለአዋላጇ ይህን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው "አንድ ሳፋና ሁለት ሜትር ፍላኔል ቢኖረኝ ኖሮ የሐረርን ነፍሰ ጡር ሁሉ በሦስተኛ ወሯ አስመጣት ነበር" አሉኝ።

ሐረር ደግሞ መረዳዳትን ከውጭ መማር የሚያስፈልጋት ከተማ አይደለችም። ከጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ በሆነው፣ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ በሚሉት በዚህ በኤረር በር ገብቶ ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰው አፎቻ የሚባለውን የመረዳጃ ማኅበር ያገኛል። ለወንድ የወንድ፣ ለሴት የሴት አፎቻ አለ። ሲድኒ ዋልድሮንና ፒተር ኮን የተባሉ አሜሪካውያን አጥኚዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ማኅበር ብቻ አንድ ጥናት አሳትመዋል፤ በነዋሪውና በአስተዳደሩ መካከል ያለ ድልድይ አድርገው ነው ያዩት። እድሩም እቁቡም ከጎኑ አለ። ነገር ግን የአፎቻ ዋና ሥራ ሠርግና ሐዘን ነው፤ እድርም የሚቆመው ለሞት ነው። ለአራስ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል፣ ዘመድ ቅቤና ማር ይዞ ይመጣል፤ ይህ ግን በመዝገብ ያልሰፈረ ደግነት ነው። ዘመድ የሌለው፣ ከሌላ አገር መጥቶ ቤት የተከራየ ባልና ሚስት ላይ ሲደርስ ይሳሳል።

መንግሥት ለከተማው ድሃ ከዘረጋው ውስጥ አንዱ የከተማ ሴፍቲኔት ነው። በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ሐረር ነበረች። በ450 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚህም 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ በመጣ ብድር፣ ለ604,000 ሰው እንዲደርስ ታቀደ። አብዛኛው በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለው ነበር፤ መሥራት ለማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠው ነበር። የሚመረጠው ግን በቀበሌ ኮሚቴ፣ ከድሃም ድሃ የሆነው ነው። ወጣቱ ስሙን ለማስመዝገብ ሲሄድ "አንተማ ደመወዝተኛ ነህ" ተባለ።

ደመወዝተኛ መሆኑ በጤና መድኑም መጣበት። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተቀረጸው ለገበሬውና ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሆኖ ወጥቶ፣ ከሠራተኛው 3 በመቶ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲዋጣ ተወስኖ፣ አፈጻጸሙ ደጋግሞ ተራዘመ። ማዋለዱ ነጻ ነው፤ የታዘዘው መድኃኒት ከውጭ ይገዛ ሲባል ግን በሌሊት ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚዞረው አባት ነው።

ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ አንድ የሥራ ኃላፊ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ከጡረታው መዋጮ ላይ ትንሽ ድርሻ ለወሊድ እንዲውል የታሰበ ጥናት አለ ወይ? በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው "ጥያቄህን በደብዳቤ አስገባ" አሉኝ፤ አስገባሁ። በሦስተኛው ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ "ይህ የበላይ አካል ጉዳይ ነው" ብለው ስልካቸውን አነሱ።

የዚህ ሁሉ ዳፋ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ይመስላል? ባልና ሚስቱ ከአንድ ክፍል ቤታቸው ላለመልቀቅ የሁለት ወር ኪራይ ተበድረዋል። እሷ ምሳ ትታለች፤ ለባሏ "በልቻለሁ" ትለዋለች፤ እሱም እንደማትበላ ያውቃል። ቀጠሮዋ ላይ አብሯት ሊሄድ ፈልጎ ፈቃድ አላገኘም።

አዋላጇ መጨረሻ ላይ ያሉኝን እዚህ አኖራለሁ። "ብዙ አልጠይቅም። ከዚያ ከሚቆረጥበት ጡረታ ላይ ለስድስት ወር እንቁላልና ወተት የሚገዛ ትንሽ ይመለስለት። ለአባትየው ሁለት ሳምንት ይስጡት። ሰው እኮ ነው እየተወለደ ያለው!"

የፌዴራሉ ሕግ አውጪም ሆነ የጡረታው አስተዳደር ይህን ቢያነብ፣ ከእሳቸው የተሻለ ረቂቅ አልጠይቅም።

ወጣቱ በጥቅምት ደወለልኝ። ሴት ልጅ ናት። የተወለደችው ሐሙስ ሌሊት ነው። አሠሪው ዓርብን፣ ቅዳሜንና እሁድን ቆጠረለት፤ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት መጋዘኑን ከፍቷል።